የግራ ዓይን ቁጥር

ከፒላር ከተማ፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፤

ይህ ደብዳቤ በጤናና በሰላም ያግኝህ። እንደምን ከርመሃል? በብርድ ጊዜ የሚነሳብህ ያ ሳል ዘንድሮስ ተወህ ወይ? ባለቤትህና ልጆችህ እንዴት ናቸው? ትልቁ በቁመት አንተን አለፈ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እግዜር ያሳድግልህ። እኛ አለን። አባዬ ጉልበቱን ያመዋል እንጂ ሌላው ደህና ነው፤ አሁንም ጠዋት ጠዋት ያን ቀዝቃዛ የቅጠል መጠጥ፣ ቴሬሬውን ይዞ በር ላይ ይቀመጣል፣ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ ያስጠጣል። ባለቤቴ ኤላዲዮም ያው ጀልባው ላይ ነው፤ ከሳምንቱ አራቱን ቀን ወንዝ ላይ፣ ሦስቱን ቀን እንቅልፍ ላይ። ወንዙ ዘንድሮ ሞልቶ እስከ ታችኛው መንገድ ወጥቶ ነበር፤ እኛ ጋ ሳይገባ ተመለሰ።

ከእኔ ደብዳቤ ሲደርስህ ሰው የሞተ እንዳይመስልህ። ማንም አልሞተም። በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ሞክሬያለሁ። ሦስቴም «ሁሉ ሰላም?» አልከኝ፣ እኔም «ሰላም» አልኩህ፣ ከዚያ ሁለታችንም ዝም አልን፣ ከዚያ ተሰነባበትን። ይኸው ስንት ዓመታችን እንዲህ ስንነጋገር። ስለዚህ መጻፉ ይሻለኛል ብዬ ነው። ወረቀት ላይ ዝም ብትለኝ እንኳ ዝምታህን አልሰማውም።

ነገሩ የፓናምቢ ነው። አይተሃት አታውቅም፤ የወለድኳት ጊዜ ቀይ ብርድ ልብስ የላክህላት ልጄ ናት። አሁን አራት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ወሬኛ ናት፤ ከዶሮዎቹም ጋር ስታወራ ነው የምትውለው።

ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ወር መዋዕለ ሕፃናቷ የዓይን መርማሪዎች መጡ። ልጆቹን አንድ በአንድ ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ አንድ አንድ ዓይናቸውን በጥቁር ማንኪያ በሚመስል ነገር እየሸፈኑ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የቤት፣ የአበባና የዓሣ ሥዕል አስነገሯቸው። የሆነውን አስተማሪዋ ናት የነገረችኝ። ግራዋን ሲሸፍኑባት ሁሉንም ቶሎ ቶሎ ተናግራለች። ቀኟን ሲሸፍኑባት መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ ማንኪያውን በእጇ ገፋችው። ደግመው ሲሸፍኑባት «ግድግዳው ላይ ምንም የለም፤ ወሰዳችሁት» ብላ አለቀሰች።

 

በማግስቱ እዚሁ ከተማችን ወዳለ ሐኪም ወሰድኳት። ወረፋው እስከ በር ድረስ ነበር። ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነው፣ አላማውም፤ ጠብታ አደረገላት፣ በመሣሪያ አያት፣ ከዚያ ከኋላዬ ሰው ተኮልኩሎ ስለነበር ቆሞ «መነጽር ያስፈልጋታል። ግራ ዓይኗ በጣም ደካማ ነው። ዋና ከተማ አሱንሲዮን ወስደሽ ለሕፃናት ዓይን ሐኪም አሳዪያት፤ ቶሎ ይሁን» ብሎ ወረቀቱን በእጄ አስያዘኝ። «ቶሎ ይሁን» የምትለዋን ብቻ ይዤ ወጣሁ። አሱንሲዮን ስደውል ቀጠሮ የተገኘው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ቶሎ የተባለው ሦስት ሳምንት ሆነ።

በዚያ ሦስት ሳምንት ወረቀቱ እኔ ላይ ያደረገውን ልንገርህ። ሁለት መስመር ቁጥር አለው። በእያንዳንዱ መስመር መጀመሪያ ክብ ነገር ተጽፏል፤ እኔ ዜሮ ነው አልኩ። ቀኝ ዜሮ፣ ግራ ዜሮ። ቀጥሎ የላይኛው መስመር ሲደመር አንድ ነጥብ ሃምሳ ይላል። የታችኛው ሲደመር ስድስት፣ ከዚያ ሲቀነስ ዜሮ ነጥብ ሰባ አምስት፣ ከዚያ መቶ ሰባ። መቶ ሰባ! የአንዲት ፍሬ ልጅ ዓይን መቶ ሰባ ምን ይኖረዋል? ከሥር ደግሞ 20/30 እና 20/200 ተጽፏል። እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማውቀው በፈተና ወረቀት ላይ ነው። ከሁለት መቶ ሃያ! ልጄ ግራ ዓይኗ ላይ ከሁለት መቶ ሃያ ብቻ ነው የቀራት፣ ደህና ነው በተባለው ዓይኗም ከሠላሳ አሥሩ ሄዷል አልኩ። ከሁሉም በታች ሐኪሙ በእጁ ሞንጭሮ የጻፋት ቃል አለች። ፊደሏን ለይቼ ስልኬ ላይ ፈለግኳት። ከሚወጣው ሁሉ «የማየት ችሎታ ማጣት» የሚለውን እንዳነበብኩ ስልኩን ገልብጬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩትና ተነስቼ ሄድኩ።

ጎረቤታችን እትዬ ቴዎፊላ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ራቅ አድርጋ፣ ቀረብ አድርጋ አየችው። «መቶ ሰባ?» አለች። «የእኔ ደም ግፊት እንኳ መቶ ሰባ የገባ ዕለት ራሴን ስቼ ዶሮዎቹ ላይ ነው የወደቅኩት!» አለችኝ። ላጽናናሽ ብላ ነው እኮ። ስትወጣ ለዓይን ይበጃል ያለችውን ቅጠል በሯ ላይ ሰቅላልኝ ሄደች፤ የእኔ በር ላይ ማለቴ ነው፤ ይኸው እጄም ሳይቀር ይሳሳታል።

ኤላዲዮ ከወንዝ ሲመለስ ወረቀቱን አሳየሁት። «አንቺ ሴትዮ፣ ልጅቷ ዶሮ ስታባርር ትውላለች፣ አንቺ ቁጥር ታባርሪያለሽ» ብሎ ሳቀብኝ። ቆይቶ ወደ ጓሮ ወጣ። በመስኮት ሳይ ባርኔጣውን በቀኝ ዓይኗ ላይ ደፍቶ፣ ጣቶቹን ከፊቷ ዘርግቶ «ስንት ነው የኔ እመቤት?» ይላታል። «አሥር!» አለችው። ሁለት ጣት ነበር የዘረጋው። ቀረብ ብሎ ደገመላት። «አሥር!» አለችው እየሳቀች። ኤላዲዮ ወደ ቤት ሲገባ አልቀለደም። እራቱንም ግማሹን ተወው።

አሁን ደግሞ የማፍርበትን ልናዘዝልህ። ይህ ሁሉ ሳይመጣ ልጅቷ ወተት ስትቀዳ ከኩባያው ውጪ ታፈስ ነበር። የመጨረሻዋን ደረጃ ትስታለች። በግራ ትከሻዋ ከበሩ ጋር ትጋጫለች። እኔ ግን «ዓይንሽ የት ነው?» ነበር የምላት፤ በየቀኑ። መርማሪዎቹ ከመምጣታቸው በፊት በነበረው ሳምንት አንድ ቀን የመስታወት ማሰሮዬን ሰበረች፣ እጇን መታሁት። አላለቀሰችም። እጇን ገልብጣ አየችው፣ እጇ ጥፋት ያጠፋ መስሏት።

ቀጠሮውን ስንጠብቅ ያደረግኩት ከዚህም ይብሳል። ትታወራለች ብዬ ቆርጬ ስለነበር ካሁኑ እሷን ማለማመድ ጀመርኩ። ኤላዲዮ ወንዝ በሚሄድበት ቀን ዓይኗን በሻሽ አስሬ፣ ከአልጋዋ እስከ በር ዘጠኝ እርምጃ፣ ከበር እስከ ውኃ በርሜሉ አሥራ አራት እርምጃ እያልኩ አስቆጠርኳት። እሷ ጨዋታ መስሏት «እማ፣ አንቺም ታሰሪ፣ ተራ በተራ ነው» አለችኝና ታሰርኩ። እጄን ይዛ እየጎተተችኝ ጓሮውን ሁሉ አዞረችኝ። ሻሹ ውስጥ ሆኜ ሳለቅስ «እማ፣ አታጭበርብሪ፣ አትይ» ትለኛለች። አባዬ ከበሩ ሆኖ «ምን እያደረግሻት ነው?» ሲል «ጨዋታ ነው አባዬ» አልኩት።

የቀጠሮው ቀን ማለዳ አውቶብስ ተሳፈርን። ከግማሽ መንገድ በኋላ ቺፓ ሻጯ የአይብ ዳቦ ቅርጫቷን በአናቷ ተሸክማ ገባች፤ ያ የትኩስ አይብ ሽታ ትዝ ይልሃል መቼም። አንዱን ለፓናምቢ ዘረጋችላት። ልጄ እጇን ሰደደች፣ ከቺፓው ጎን ያለውን አየር ጨብጣ መለሰችው። ሻጯ ሳቀች፣ ከኋላችን የተቀመጡ ወጣቶችም ሳቁ። «ቀስ በይ የኔ ልጅ፣ አይሮጥም» አለቻት። አብሬ ልስቅ ሞከርኩ፤ አፌ እምቢ አለኝ።

ዶክተር ሚርታ ይሏታል፤ ሽበቷን ያልቀባች፣ ድምጿ ወፍራም የሆነ ሴት ናት። ከሁሉ አስቀድማ ወረቀቱን ተቀበለችኝ። ማጠፊያው አልቆ ሊበጠስ ደርሶ ነበር። «ስንት ሳምንት ነው ይዘሽው የተኛሽው?» አለችኝ። ፓናምቢን ከአሻንጉሊት ዘንዶ ጋር አስቀምጣ ጠብታውን አደረገችላት፤ ብሌኗ እስኪሰፋ ቁጭ ብለን ሳለ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና በእስክሪብቶ ጫፍ አንድ በአንድ አሳየችኝ።

ዜሮ ያልኩት ዜሮ አይደለም፤ «ዓይን» የሚለው ቃል የመጀመሪያ ፊደል ነው። የቀኝ ዓይን፣ የግራ ዓይን፣ ሌላ ትርጉም የለውም። መደመሩ ቅርብ ያለውን ለማየት ዓይኑ ብዙ መልፋት አለበት ማለት ነው፤ ሩቁም ቢሆን ያለ ልፋት አይጠራለትም። አንድ ነጥብ ሃምሳ ለአራት ዓመት ልጅ ከቁጥር አይገባም። ስድስት ግን ብዙ ነው፤ ዓይኑ ብቻውን አይወጣውም። ሲቀነስ የተባለው የዓይኑ ፊት ትንሽ ሞላላ ስለሆነ እሱን ማስተካከያ ነው። መቶ ሰባው ደግሞ ጭራሽ በሽታም መጠንም አይደለም። «መነጽር ሠሪው መስታወቱን ወደ የት አዙሮ እንደሚገጥመው የሚነግር ነው፤ የሰዓት ዘንግ እንደሚያመለክተው አቅጣጫ በይው» አለችኝ። ሃያ እና ሁለት መቶም የፈተና ውጤት አይደለም። ሌላው ሰው ከሁለት መቶ ጫማ ርቀት የሚለየውን ነገር የልጄ ግራ ዓይን ለመለየት እስከ ሃያ ጫማ መቅረብ አለበት። ቀኙ ላይ ያለው ሃያ እና ሠላሳ በእሷ ዕድሜ ደህና ነው።

ብሌኗ ሲሰፋ ፓናምቢን ራሷ መርምራ ጨረሰችና «ልጅሽ አትታወርም» አለችኝ።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ አልነበረም። ተናደድኩ። ይህችን አንዲት ቃል ሦስት ሳምንት ሙሉ የሚነግረኝ ሰው ጠፍቶ ልጄን በሻሽ አስሬ ስመራ መክረሜ አናደደኝ። ተናድጄም ሳልጨርስ «ግን» አለች ዶክተሯ፤ እንደገና ፈራሁ።

ግራ ዓይኗ የታመመ አይደለም፤ ማየት ያልተማረ ዓይን ነው። ሁልጊዜ የደበዘዘ ነገር ስለሚልክ አንጎሏ ቀኙን ብቻ ሰምቶ ግራውን ትቶታል። የሰነፈ ዓይን ይሉታል፤ ሐኪሙ ሞንጭሮ የጻፋት ቃልም ይህችው ናት። መነጽሩ ብቻውን አይበቃም፤ ጎበዙን ዓይን በየቀኑ ሁለት ሰዓት እየሸፈኑ ሰነፉን ማሠራት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በልጅነት ነው። ሰባትና ስምንት ዓመት ካለፈ በኋላ አንጎሉ እየደረቀ ይሄዳል፣ ልፋቱ ይጨምራል፣ ትርፉ ይቀንሳል። «ጊዜ አለን፣ ግን የሚባክን ጊዜ የለንም» አለችኝ። «ከቤተሰብ እንዲህ ያለ ዓይን ያለው ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችኝ።

እኔም ሁልጊዜ ለሰው የምለውን አልኳት። «የእኔም ግራ ዓይን አያይም፣ ግን የተፈጥሮ አይደለም። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ እናታችን ከሞተች ዓመት ሆኗት ነበር። ወንድሜ ጥሬ ብርቱካን ወርውሮ መትቶኝ ነው የጠፋው» አልኳት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የምለው፤ አፌ ለምዶታል፣ ስምህን እንኳ ሳልጠራ ነው የምለው።

ዶክተሯ «እስቲ ቁጭ በይ» አለችኝ፣ በልጄ ወንበር ላይ። መብራት አበራችብኝ። ወደ ላይ እዪ፣ ወደ ታች እዪ አለችኝ። ጠብታም አደረገችልኝ። መስታወት እየቀያየረች ለካችኝ። ረጅም ጊዜ ወሰደባት። ፓናምቢ እግሬን ይዛ «እማ፣ አትፍሪ፣ አያምም» ትለኛለች።

ሲያልቅ ዶክተሯ ቁጥር ጻፈች። ግራ፣ ሲደመር አምስት ነጥብ ሃምሳ። ወረቀቱን ከፓናምቢ ወረቀት ጎን አስቀመጠችው። «ጠባሳ የለም» አለች። «ከውስጥም ከውጭም የተመታ ዓይን ምልክት የለም። ብርቱካን ዓይን ያቆስላል፣ ያደማል፤ ዓይንን ግን አያሳጥርም። ይህ ዓይን ከተወለድሽበት ቀን ጀምሮ እንዲህ ነው፤ ልክ እንደ ልጅሽ» አለችኝ። እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ጊዜ እንደሚያጋጥማት ነገረችኝ። አንድ ቀን አንድ ነገር ልጁን ዓይኑ ላይ ይመታዋል፣ ሊመረምሩት ደህናውን ይሸፍኑበታል፣ አለማየቱ ያን ዕለት ይታወቃል፤ ከዚያ በኋላ ጥፋቱ በሙሉ ለመታው ነገር ይሰጣል።

«ከዚያ ቀን በፊት ቀኝ ዓይንሽን ሸፍነሽ በግራው አይተሽ ታውቂያለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ።

አላስታውስም አልኳት።

ወንድሜ፣ ያን ቀን አንተም አልረሳኸውም። ዓይኔ አብጦ ቀልቶ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን እብጠቱ ጠፋ። ጤና ጣቢያ ነርሷ ቀኜን በመዳፏ ሸፍና «ጣቴ ስንት ነው?» አለችኝ፤ «አይታየኝም» አልኩ። አባዬ ወደ አንተ ዞረ። አሥራ ሁለት ዓመትህ ነበር። ቤት ስንደርስ ቀበቶውን ሲፈታ በመስኮት አይቻለሁ። እጅህን የዛፉ ግንድ ላይ አድርገህ አንድም ጊዜ «ሳላስበው ነው» ሳትል ስትገረፍ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ «ዓይን አጥፊው» ነበር የሚልህ፤ ስትናደድ ለማየት ልጆቹ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በፊትህ ያልፉ ነበር። እኔ ደግሞ የቤቱ እመቤት ሆንኩ። ውኃ አልቀዳም፣ እንጨት አልሸከምም፣ እንቁላል ከተቀቀለ አስኳሉ የእኔ ነው። አንተ ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ ቦርሳዬን ይዘህ ሁልጊዜ በግራዬ በኩል ትሄድ ነበር፣ የማላየው ነገር እንዳይነካኝ። ማንም አላዘዘህም። አራት ዓመት እንዲህ አደረግክና በአሥራ ስድስት ዓመትህ ወንዙን ተሻገርክ። አሁን ያለህባት ሬሲስተንሲያ የግማሽ ቀን መንገድ ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመት ፈጀች።

ወደ ፓናምቢ ልመለስ።

መነጽሯ ሲመጣ የግራው መስታወት እንደ ጠርሙስ ቂጥ ወፍራም ነው። ባደረገችው ዕለት መሬቱ ከፍና ዝቅ ስላለባት እግሯን እንደ ሽመላ እያነሳች ነበር የምትሄደው፤ ኤላዲዮ ኋላ ኋላዋ እንደሷ እግሩን እያነሳ ተከተላት፣ ተሳሳቁ። ቀጥሎ ሽፋኑ መጣ፤ የቁስል ፕላስተር የሚመስል፣ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ነው። የመጀመሪያ ቀን ከምሳ በኋላ ቀኝ ዓይኗ ላይ ለጠፍኩላትና መነጽሯን በላዩ አደረግኩላት። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። ልጄ ከወለሉ መሃል ቆመች። አልተንቀሳቀሰችም። እጆቿን ትንሽ ከፈት አድርጋ «እማ፣ የት ሄድሽ?» አለችኝ።

ፊት ለፊቷ ነበርኩ፣ ወንድሜ። ክንዴን ብዘረጋ እነካታለሁ።

ሮጬ ልቀደው ነበር። ዶክተሯ አትቅደጂው ስላለችኝ ብቻ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አቀፍኳት፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ እንደዚያው። ድስትና ክዳን እያቀራረብኩ «ይሄ ምንድነው?» አልኳት፤ በአፍንጫዋ እስክትነካው ድረስ ታስጠጋዋለች። እሷን እንዳቀፍኩ በልጅነቴ የምንንበረከክባቸው አግዳሚ ወንበሮች ትዝ አሉኝ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነኝ። ስብከቱ ረዝሞብኛል። ቀኝ ዓይኔን በመዳፌ እሸፍናለሁ፣ ሻማዎቹ ተዋህደው አንድ ቢጫ ጭጋግ ይሆናሉ፣ የቅዱሱ ፊት ይጠፋል። እከፍታለሁ፣ ፊቱ ይመለሳል። እሸፍናለሁ፣ ይጠፋል። ደስ እያለኝ ደጋግሜዋለሁ። እማዬ ገና በሕይወት ነበረች፣ ከጎኔ ተቀምጣለች። እጄን ይዛ ቀስ አድርጋ አወረደችውና «አርፈሽ ተቀመጪ» አለችኝ። እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸት ነበር።

ይህን ለዶክተር ሚርታ አልነገርኳትም። ለኤላዲዮም፣ ለአባዬም አልነገርኩም።

ባለፈው ሳምንት ለምርመራ ተመለስን። ወረቀት ላይ የምትጽፈውን ሳታስረዳኝ ከእስክሪብቶዋ ሥር አነበብኩት፤ ሃያ፣ መቶ። ከሁለት መቶ ወደ መቶ ወርዷል። «ተማረ ማለት ነው» አልኳት፤ «መማር ጀመረ ማለት ነው» አለችኝ። ገና ብዙ ወራት አለው፤ እስከ የት እንደሚደርስ ማንም አያውቅም። አሁንም እፈራለሁ። ወተት ስትቀዳ ትንፋሼን እይዛለሁ። ልጆች «የባሕር ወንበዴ» ይሏታል፣ አንዳንዴ ሽፋኑን ልጣ ዶሮዋ ላይ ትለጥፈዋለች፣ እኔ ያቺን የባከነች ግማሽ ሰዓት ሳስብ እውላለሁ።

ለአባዬ ዶክተሯ ያለችውን ነገርኩት። ከአሱንሲዮን በተመለስን በማግስቱ መንገር ነበረብኝ፤ ፈርቼ እስከ ባለፈው እሑድ አቆየሁት። ሁለቱን ወረቀቶች ጭኑ ላይ ዘርግቼ ቁጥሩን እንደተማርኩት አስረዳሁት። እስኪያልቅ ሰማኝ። «ደግመሽ ንገሪኝ» አለ። ደገምኩለት። «ልጁ ያኔ ስንት ዓመቱ ነበር?» አለኝ። «አሥራ ሁለት» አልኩት። «አሥራ ሁለት» አለ እሱም። ከዚያ ገብቶ በሩን ዘጋ። ሰኞ ጠዋት ተላጭቶ ወጣና ኤላዲዮን «ቅዳሜ የሚሻገረው ጀልባ በስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ጠየቀው። «ጉልበትህስ አባዬ?» ብለው «ስለ ጉልበቴ ማን ጠየቀሽ?» ብሎ ተቆጣኝ። ሲያገኝህ ምን እንደሚልህ አያውቅም፤ ፊቱን አይቼ አውቄያለሁ። ከእሱ ይልቅ የምፈራው ግን ራሴን ነው። በዚህ ወረቀት ላይ በግልጽ ያልጻፍኩት አንድ ነገር ቀርቶኛል። ምናልባት ገብቶህ ይሆናል። ካልገባህም እፊትህ ቆሜ ልናገረው ስለተገባኝ ነው የማልጽፈው።

ስለዚህ የዚህ ሳምንት ሳይሆን የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ሦስታችን እንመጣለን፤ አባዬ፣ እኔና ፓናምቢ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም መናኸሪያው እንደርሳለን። ልታየን ካልፈለግክ አትምጣ፤ አልቀየምህም፣ ቤትህ ድረስም አልመጣብህም፤ ትንሽ አርፈን በሚቀጥለው አውቶብስ እንመለሳለን። ከመጣህ ግን ያ ሰዓት የፓናምቢ ቀኝ ዓይን የሚሸፈንበት ሰዓት ነው፤ ለማንም ብዬ አላነሳላትም። ከሩቅ ሆነህ እጅህን ብታውለበልብላት አታይህም። ቀረብ በላት።

እግዚአብሔር ቤትህን ይጠብቅልህ፤ ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ፤ ደረትህንም ከብርድ ይሰውርልህ። ባለቤትህን ስሜያታለሁ በልልኝ።

ታናሽ እህትህ